ልጅ ላስመርቅ ሄጄ ገላን የቀረሁበት ነገር

ከቤቴ የወጣሁት ማለዳ ነው፤ መለየቱ ግን የዋዜማው ማታ ነበር። ከብቶቹ ገብተዋል። ባለቤቴ ወርቅነሽ በሶውን በአንድ ጨርቅ፣ ዳቦ ቆሎውን በሌላ ጨርቅ ታስራለች፤ ታስርና ትፈታለች፣ ደግማ ታስራለች። አፏ እንቢ ሲላት እጇ ሥራ ይፈጥራል፤ ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ ይህቺን አላጣትም። እኔም መቀመጥ አቅቶኝ ወደ ጋጣው ወጣሁና በሬዬ ቡሬ ዘንድ ቆምኩ። የጅሩ ሰንጋ ነው፤ ጅሩን የሚያውቅ ሌላ ምስክር አያሻውም። እጄን ስዘረጋለት ተነፈሰበት። ትንፋሹ እስከ ክርኔ አሞቀኝ። «ቶሎ እመጣለሁ» አልኩት። ለበሬ ይዋሻል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ ያኔ እውነቴን ነበር።

ስደት ሲባል ሰው ሁሉ ባሕር ማዶ ይመስለዋል። እኔ ባሕር አላየሁም። ከጅሩ በአውቶቡስ ተሳፍሬ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የገባሁት፤ መንገዱ አንድ ቀን አይሞላም። ነገር ግን የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ ሰላምታው ሁሉ ተለውጦብኝ፣ ዛሬም ስነቃ የት ነኝ ብዬ ነው የምጀምረው። ይህ ስደት ካልሆነ እናንተ ስሙን ንገሩኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቃሉ ቢጣመም ሐሳቡን ያዙልኝ። የምጽፈው ጅሩ ላላችሁት ነው። ደግሞም እንደኔ ልጅ ተከትላችሁ መጥታችሁ፣ ከበረንዳ ላይ ሰማይ ለምታዩት።

የመጣሁት በመቅደስ ምክንያት ነው። የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስላረፈች ያሳደግናት እኔና ወርቅነሽ ነን፤ እኔን አባባ ትለኛለች፣ እሷን እማዬ። ተማረች ተማረችና አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባች፤ የቢዝነስ ትምህርት ነው፣ የምታጠናው የሰው ሀብት አስተዳደር የሚባለውን። በመጨረሻው ዓመት ተማሪው ከክፍል ይወጣና እውነተኛ መሥሪያ ቤት ገብቶ ሥራ ይለማመዳል፤ አፓረንት ይሉታል። እሷን አቃቂ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ መደቧት። የኮሌጁ ዶርም ከዚያ ሩቅ ስለሆነ ቤት መከራየት ነበረባት። ታዲያ ደውላ ምን ብትለን ጥሩ ነው? «አባባ፣ ላጤ አናከራይም እያሉኝ ነው። አብሮሽ የሚኖር ትልቅ ሰው ከሌለ ቤት የለም አሉኝ።»

የወርቅነሽ ጉልበት ደረጃ አይወጣም። ላሞቹንም ለማን ትታ? ቀረሁ እኔ። ጎረቤቱ ሁሉ «በዚህ ዕድሜህ? ከተማ?» ሲለኝ እልኼ መጣና በሰው ፊት «መቅደስ ሳትመረቅ የዚህን ቤት ደፍ አልረግጥም» ብዬ ማልኩ።

ወርቅነሽ ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ማል አለህ?»

ማንም አላለኝም። ግን ማልኩ።

ላምበረት መናኸሪያ መቅደስ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ በሚኒባስ፣ ወርደን ደግሞ በሌላ ሚኒባስ። ሳሪስ ስንደርስ ወያላው «ፋዘር፣ ጠጋ ይበሉ» ይለኛል። ጠጋሁ። ሰው ጨመረ። «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ!»

«ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከተጠጋሁማ ለእኔና ለዚህች ሴትዮ ቄስ ጥራልን» አልኩት።

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። ሴትዮዋም ሳቀች። የሚስቅ አገር ክፉ አይደለም አልኩ በልቤ።

አከራያችን ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ከቤታቸው አንዲቱን ክፍል ነው ለእኛ የለቀቁልን። ደረጃውን ወጥቼ ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ በር ላይ ያዙኝ።

«አባባ፣ ያስላሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ሌሊትም?»

«ሳሉ ሲመጣ መጣ ነው፤ ሰዓት አይጠይቀኝም።»

«ግድግዳው ስስ ነው፣ እነግርዎታለሁ። ሙቀጫ መውቀጥ የለም። እንግዳ ማሳደር የለም። ውሃም በፈረቃ ነው።»

«እንግዲያው ሳሉንም በፈረቃ አደርገዋለሁ።»

ሳይስቁ አዩኝ። «ቀልደኛ ተከራይ አልወድም። ግን ትልቅ ሰው ነዎት። ይግቡ።»

የወረዳው ደግሞ ባሰ። ነዋሪ ልሁን፣ መታወቂያ ላውጣ ብዬ ሄድኩ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ «መሸኛ ይዘዋል?» አለችኝ።

«የሸኘችኝስ ባለቤቴ ናት።»

«አይ አባት፣ ከነበሩበት ቀበሌ ነው። ከዚያ ለቀዋል የሚል ደብዳቤ።»

«መች ለቀቅኩ? እመለሳለሁ እኮ።»

«ካልለቀቁማ የዚህ ነዋሪ አይደሉም።»

«ይኸው ቆሜልሽ አይደል እንዴ!»

«ከዚያ ካልለቀቁ እዚህ የሉም፣ አባት። ቀጣይ!»

ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ሳስበው ልጅቱ ሳታውቀው ልክ ነገረችኝ። ከዚያ አልለቀቅኩም፣ እዚህም የለሁም። ይኸው እስከ ዛሬ ሳልመዘገብ አለሁ።

የናፈቀኝን ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። ዳቦው እንደ ጥጥ ነው፤ ጨበጥ ስታደርገው የት እንደገባ ይጠፋሃል። የጅሩን ስንዴ ዳቦ የበላ ሰው ይህን ሲያይ ያዝናል እንጂ አይቆጣም። ሰላምታ «ሰላም ነው?» ብሎ ማለፍ ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ የሚጠይቅ የለም። አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠብኝም፤ አፈሩ። ጥቁር ዋልካ ነው፣ ልክ እንደ ጅሩ፤ ክረምት ላይ ጫማህን ይዞ አልሰጥም ይላል። አንድ ቀን ከሕንፃችን ሥር ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ሳሽ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች አዩኝ።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ አንደኛው።

«ምንም። አፈሩን ባየው የእኛ መሰለኝ።»

«የእኔ ነበር» አለ፣ እንደ ዋዛ። «ሽምብራ እዘራበት ነበር።»

ይህ ሰው ኦቦ ቱሉ ነው፤ ሕንፃው ሳይመጣ የዚያው መንደር ገበሬ የነበረ። ከጎኑ የነበረው ለማ ነው፤ አቃቂ ተወልዶ፣ ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አግዳሚው ላይ ሦስት ሆንን። ቱሉ ስለ ሽምብራው፣ ለማ ስለ ባቡሩ፣ እኔ ስለ ቡሬ እናወራለን። ሦስታችንም የሌለ ነገር ነው የምናወራው፤ ጥሩ ወዳጅነት ነው።

ማታ ማታ መቅደስ ጮክ ብላ ታጠናለች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። የትምህርቱ ስም ከመጀመሪያው ወደድኩት፤ ሰው ሀብት ነው ብሎ የሚጀምር ትምህርት መጥፎ ሊሆን አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን ሞቲቬሽን፣ ኮንፍሊክት ማኔጅመንት እያለ ወደ ፈረንጅ አገር ይሄዳል።

«አባባ፣ ሠራተኛ ቢሰንፍ ምን ይደረጋል?»

«በዘፈን መውጋት ነዋ። ደቦ ላይ የሰነፈውን ስም አስገብተን አንድ ስንኝ ስናወርድበት፣ ማጭዱን ይዞ ነው የሚነሣው።»

«እዚህ እንደዚያ ቢደረግ ሰውየው ይከሰሳል።»

«ይከሰሳ! ሰነፍ ይከሰስ።»

«ሰነፉ አይደለም የሚከሰሰው፣ ዘፋኙ ነው!»

ይህን ሰምቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም፤ ወይዘሮ አስካለ ከግድግዳው ወዲያ ሲስቁ ግን ሰማሁ።

ፋብሪካው ውስጥ የመቅደስ አለቃ ወይዘሪት ሶስና ናት፤ የሰው ሀብቱ ክፍል ኃላፊ። በዕድሜ ልጄ ስለምትሆን አንቺ ነው የምላት። ጉዳያችን ሁሉ ያለው በእሷ እጅ ነበር። ልምምዱ ሲያልቅ «ይህች ልጅ ብቁ ናት» ብላ ለኮሌጁ ካልጻፈች መቅደስ አትመረቅም። መቅደስ ካልተመረቀች እኔም፣ ምዬአለሁ፣ አገሬ አልገባም።

አንድ ምሽት መቅደስ ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚደረገው አዘቅዝቃ ለብሳለች። መጀመሪያ ያሰብኩት ወርቅነሽን ነው።

«ማን ሞተ?»

«የማላውቃቸው ሴትዮ ናቸው፣ አባባ» አለችና ፍራሹ ላይ ዘጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫልቱ የምትባል የስፌት ክፍል ሠራተኛ ከሥራ ቀርታለች። ያሳደገቻት ሴት ሞታባት ነው፤ የጎረቤት ሴት፣ ወላጆቿ ካለፉ በኋላ ከልጆቿ ሳትለይ ያሳደገቻት። የፋብሪካው ደንብ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለልጅና ለትዳር ጓደኛ ነው። ለጎረቤት የለም። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ቀርታለች ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ መቅደስ ቤቷ ድረስ ሄደሽ አስፈርሚያት ተባለች።

«ስደርስ ድንኳን ተጥሏል፣ አባባ። ገባሁ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ ላወጣ ስል አንዲት ሴትዮ በሁለት እጄ ንፍሮ አስያዘችኝ። ንፍሮ ይዤ እንዴት አድርጌ ማስጠንቀቂያ ልስጥ?»

«አይሰጥም» አልኩ።

«ተቀመጥኩ። እዚያው ዋልኩ። ጫልቱን እያየሁ፣ ይህቺ ልጅ እኮ እኔ ነኝ እያልኩ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ወይዘሪት ሶስና፣ ‹የተላክሽው ለሥራ ነው ወይስ ለለቅሶ?› አለችኝ። በዚህ ዓይነት ብቁ ናት ብዬ አልጽፍም ብላኛለች።»

ያን ጊዜ የማደርገው ወዲያው ታየኝ። የጅሩ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ነገር ሲጠና ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ጋቢውን ለብሶ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እሺ ካልተባለ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። የሰው አባት ቆሞ እያየ እምቢ የሚል ልብ የለም። ለመቅደስ ሳልነግር በነጋታው ለማና ቱሉን ይዤ ሄድኩ። ሦስታችንም ነጭ ጋቢ፣ ሦስታችንም ከዘራ።

በር ላይ ዘበኛው አስቆመን። «አባቶች፣ ወዴት ናችሁ?»

«ወይዘሪት ሶስና ዘንድ።»

«ቀጠሮ አላችሁ?»

«ሽማግሌ በቀጠሮ አይሄድም» አለ ለማ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ዘበኛው ጋቢያችንን አየ። ከዘራችንን አየ። ሦስት መሆናችንን አየ። ፊቱ እንደ ፋሲካ በራ። «ለወይዘሪት ሶስና? ሽማግሌ? እሰይ! እግዜር ይስጣችሁ! ግቡ አባቶቼ፣ ግቡ!» ብሎ በሩን ወለል አደረገልን፤ ራሱም እየሮጠ ከፊታችን ቀደመ።

እኔ የከተማ ሰውም ሽማግሌ ያከብራል ለካ ብዬ ደስ አለኝ። ቱሉ ብቻ በጆሮዬ፣ «ይህ ሰው ደስታው በዛ፤ አንድ ነገር አለ» አለኝ።

ነበረ። ወይዘሪት ሶስና ለካ አላገባችም። ዘበኛው ለአንዷ ነገረ፣ እሷ ለሌላዋ። በስፌት ክፍሉ ስናልፍ የስፌት መኪናው አንድ በአንድ እየቆመ ዝም አለ። ከዚያ ከወደ ጥግ አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣ ደረሰ። ለማ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሣል፤ የመጣንበት ጉዳይ እንዲህ ሰው ልብ መግባቱ ገርሞታል።

ወይዘሪት ሶስና ከቢሮዋ ስትወጣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ምንድን ነው ይሄ? ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ፣ አባቶች።»

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አልኩ።

«ለምኑ ነው እሺ የምለው?»

«ስለ ልጃችን ነው የመጣነው።»

በሩ ላይ የጸሐፊዎቹ አንገት ተደርድሯል። ሶስና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጃችሁ ማን ነው?» አለች።

«መቅደስ ናት።»

«መቅደስ... አፓረንቷ?»

«አዎ። እንድትምሪያት ነው።»

ሶስና ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ከበሩ ላይ አንዲቱ ጸሐፊ አፏን ይዛ ሮጠች፤ ብዙም ሳይቆይ ከስፌት ክፍሉ የሚሰማው እልልታ ወደ ሳቅ ተለወጠ። ሶስና ተነሥታ «ወደ ሥራ!» ብላ ጮኸችና በሩን ዘጋች። አሁን አለቀልን አልኩ። ስታናግረን ግን ድምጿ ለስላሳ ነበር።

«አባቶቼ፣ ሦስታችሁንም አከብራለሁ። አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ። እዚህ ከመቅደስ ጋር የሚለማመዱ ሌሎች ልጆች አሉ። አንዷ ከሩቅ አገር ነው የመጣችው፤ በዚህ ከተማ አንድ ዘመድ የላትም። መቅደስን በሽማግሌ ብምር፣ ሽማግሌ የሚቆምላት የሌላትን በምን ልማራት?»

ጅሩ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም፤ ሽማግሌ የሌለው ሰው የለማ።

«እውነት አላት» አለ ቱሉና ተቀመጠ። ለማም ተቀመጠ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። በኋላ የተቀመጥኩት ጉልበቴ ደክሞኝ ነው እንጂ ተረትቼ አይደለም።

ሻይ አስመጣችልን፣ ጠጣን። ስንወጣ ዘበኛው ልቡ ተንጠልጥሎ «እሺ አለች?» አለን።

«ተቀመጥን» አለው ለማ፣ ሌላ ነገር ሳይጨምር።

መቅደስ ማታ ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች። «አባባ፣ ምን አደረግኸኝ? እኔ እኮ ሰው እንዴት እንደሚተዳደር እየተማርኩ ነው፣ አያቴ ፋብሪካ ያስቆማል! ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ‹የሽማግሌዋ› ሆኗል። በስልክ የቀረጹም አሉ!»

«ያደረግኩት ማንም አባት የሚያደርገውን ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው መቆጣት ያቃተኝ፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ!»

እራት ቀረበ። ተኳርፈንም ቢሆን ለእኔ ጨው የቀነሰችበትን ወጥ ለብቻ አድርጋ ነው ያመጣችው። በልቼ ስጨርስ ሰሐኑን አነሣችና «አባባ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «ትምህርቱ የእኔ ነው፣ ሥራውም የእኔ ነው። ስህተቱም የእኔ ይሁን። አንተ ተወኝ፣ እኔ ልግባበት።»

እኔ ተወኝ ሲሉኝ የምተው ሰው አይደለሁም፤ ወርቅነሽን ጠይቁ። ግን ድምጿ የወርቅነሽ ድምፅ ነበር። ተውኩት።

በማግስቱ ብቻዋን ሶስና ዘንድ ገባች። እኔ ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ነበርኩ፤ ቱሉና ለማም ሽምብራውንም ባቡሩንም ሳያነሡ አብረውኝ ዋሉ። ማታ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። ሶስናን እንዲህ አለቻት፦ ድንኳኑ ውስጥ ያየሁት ጫልቱን ብቻ አይደለም። የስፌት ክፍል ሴቶች ተራ ገብተው ሲመጡ አይቻለሁ፤ አንዷ አሞኛል ብላ፣ አንዷ ልጄን ላሳክም ብላ። ደንቡ ማንንም ከለቅሶ አላስቀረም፤ ያስቀረው እውነት መናገርን ነው። ስለዚህ ሰው ሲቀጠር እናትህ ማን ናት፣ አባትህ ማን ነው ተብሎ ብቻ አይጠየቅ። ያሳደገህ ማን ነው ተብሎም ይጠየቅ። ያም ሰው ሲሞት እንደ ወላጅ ይቆጠር።

ሶስና «ይህን የዚያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«የዚያን ዕለት እያለቀስኩ ነበር።»

«እሱን ነው የምልሽ። ማልቀስሽ ጥፋት አይደለም። አልቅሰሽ ስትጨርሺ መጥተሽ ሳትነግሪኝ፣ አያትሽ ቀደሙሽ።»

ማረቻት ብላችሁ እንዳታስቡ። ሐሳቡን ለበላዮቼ አቀርባለሁ፣ እስኪለወጥ ግን ደንብ ደንብ ነው አለቻት። ድንኳኑ ሲነሣ ማስጠንቀቂያውን መቅደስ ራሷ ወስዳ ሰጠች። ጫልቱ ፈረመችና «ከሌላ ሰው እጅ ብቀበለው ነበር የሚያመኝ» አለቻት። የልምምዱም ጊዜ ተራዘመባት። ጓደኞቿ ጥቁር ካባ ለብሰው ሲመረቁ መቅደስ ፋብሪካው ውስጥ አሻራ የማይነሣላቸውን ሠራተኞች ጣት በጨርቅ እየጠረገች መግቢያ ሰዓት የሚመዘግበው ማሽን ላይ ታስነካ ነበር። እኔም በዚያ የተነሣ ለስንዴው አጨዳ ሳልደርስ ቀረሁ። ወርቅነሽ ደቦ ጠርታ አሳጨደች። ዘፈኑ ውስጥ የእኔን ስም እንዳስገቡት ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ ግን ሶስና ጻፈች፤ ብቁ ናት አለች። መቅደስ በሚቀጥለው ዙር ተመረቀች። ለማ ከረባት አስሮ መጣ፤ ቱሉ ከሁላችንም ይልቅ አለቀሰ። እዚያው ፋብሪካም ቀጠሯት። የበላዮቹ የሐዘን ፈቃዱን ነገር ገና አልወሰኑም፤ ጥያቄው ግን ይጠየቅ ብለዋል። በቅጥሯ ቀን ሶስና ራሷ ከፊቷ ተቀምጣ ጠየቀቻት፣ «ያሳደገሽ ማን ነው?» ብላ። ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት መጀመሪያ የተጠየቀችው መቅደስ ሆነች ማለት ነው።

የዚያኑ ዕለት ወደ በረንዳው ወጥቼ ለወርቅነሽ ደወልኩ። ስልኳ የሚይዘው ጋጣው በር ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው፤ ስናወራ ከኋላዋ ኩርፍ ኩርፍ ሲል የሚሰማኝ የከብቶቹ ድምፅ ነው።

«ስማችንን ተናገረች» አልኳት። «ያሳደገሽ ማን ነው ተብላ የሁለታችንንም፣ ያንቺን አስቀድማ።»

ስልኩ ተቋርጦ ይሆናል ብዬ «አለሽ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች፣ አፍንጫዋን ጠርጋ። «እንግዲህ መሐላህ ወረደልህ። መቼ ትመጣለህ?»

ይህን ነበር የፈራሁት። ልሄድ መሆኔን መቅደስ ከአንድ ቀን በፊት ለወይዘሮ አስካለ ነግራቸው ነበር። ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው፣ «ሥራ ያዘች አልያዘች ላጤ ላጤ ነው። እርስዎ ከሄዱ ቤቱን ለሌላ ነው የምሰጠው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሳልዎንስ ለምጄው የለም እንዴ? ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። ይህን ሁሉ ለወርቅነሽ ነገርኳት።

«እስከ መቼ ታዲያ?»

«እስክታገባ ይመስለኛል።»

ወዲያ ማዶ ነፋስ ይሰማኛል፤ የእኛ ነፋስ ነው፣ አውቀዋለሁ። «እንግዲያው» አለች በመጨረሻ፣ «ሽማግሌ ሲመጣ አቁመህ እንዳታንገላታቸው። ቶሎ እሺ በልና አስቀምጣቸው።»

ሳቅን። ሳቃችን ግን ዕድሜው አጭር ነበር።

«ቡሬ አለ?»

«ይኸው አጠገቤ።»

«ስልኩን አስጠጊለት።»

«አንተ ሰው፣ ደህና ነህ?» አለች። ግን አስጠጋችለት። መጀመሪያ ገለባው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ ተነፈሰ፤ ረጅም፣ ከባድ፣ እርጥብ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

እጄን ወደ ውጭ ዘርግቼ ኖሯል። ያወቅኩት ወይዘሮ አስካለ ልብስ ሊያሰጡ ወደ በረንዳው ሲወጡ አይተውኝ፣ «አባባ፣ ዝናብ ጀመረ እንዴ?» ሲሉኝ ነው።

«የለም» አልኳቸው። እጄን ግን አላጠፍኩም።